ኩርፊያ ያልሆነ ዝምታ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምነግራችሁ የስድስት ቀን መንገድ ነው። ሩቅ አገር አልሄድንም፤ አውሮፕላንም አልተሳፈርንም። ጅማ ደርሰን፣ ከዚያ አልፈን ከፋ ደን ውስጥ ገብተን ተመለስን፤ ይኸው ነው። ነገር ግን እኔና ባለቤቴ ከሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር በኋላ ዝምታ ሁለት ዓይነት መሆኑን የለየነው በእነዚያ ስድስት ቀናት ስለሆነ፣ ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል።

ነገሩ ከእናቴ ይጀምራል። እናቴ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አልጋ ላይ ነበረች፣ እኛው ቤት፣ ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለችው ክፍል። ያገላበጠቻት፣ ያጠበቻት፣ ሌሊት ስትጣራ የተነሣችላት ባለቤቴ ናት። እኔ ሥራ እውላለሁ፤ ማታ ገብቼ ትራሷን አስተካክላለሁ፣ እጇን ስሜ እተኛለሁ። እናቴ ዐረፈች። ቀበርን፤ ሠልስቷን፣ አርባዋን፣ ሰማንያዋን አወጣን። ከሰማንያው ማግስት ድንኳኑ ተነቀለ፣ የዕድሩ ወንበር ተመለሰ፣ ልጆቹም ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔና እሷ ቀረን።

ዝምታው የገባው ያኔ ነው። ጠብ የለም፤ ጠብ ቢኖርማ ሽማግሌ ይጠራ ነበር። «ምሳ ቀርቧል» ትለኛለች። «መብራት ሄደ እንዴ?» እላታለሁ። በቃ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትነቃለች፤ ለሦስት ዓመት እናቴን ያገላበጠችበት ሰዓት ነውና ሰውነቷ ለምዶታል። ተነሥታ ባዶውን ክፍል አየት አድርጋ ትመለሳለች። እኔም ነቅቼ የእግሯን ኮቴ እሰማለሁ። አንዳችንም ቃል አንተነፍስም።

መላውን ያመጣችው ታላቋ ልጃችን ናት። «አባዬ፣ እማዬን ይዘህ ውጣ» አለችኝ። «ለቅሶ አይደለም፣ ሠርግ አይደለም፣ ንግሥ አይደለም። ዝም ብለህ ይዘሃት ውጣ።»

ዝም ብሎ መውጣት! በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ከከተማ የሚወጣው ወይ ሊቀብር ወይ ሊድር ወይ ስለት ሊያስገባ ነው። ወዴት እንደምንሄድ እንኳ አላውቅም ነበር። ባለቤቴን ስጠይቃት ግን ወዲያው «ጅማ» አለች። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ልጅ ሆና ከጅማ በርጩማ አምጥተውላት ነበር፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር። በርጩማው ቤት ሲቀየር ጠፋ። ከተማዋን ግን አይታት አታውቅም።

በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ረቡዕ ማለዳ ተነሣን። መኪናውን እኔው ያዝኩ።

ሰበታን፣ ወሊሶን፣ ወልቂጤን አለፍን። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ጆሮ እየደፈነ፣ የደጋው ብርድ በየመታጠፊያው እየተገፈፈ፣ መስኮት ካልተከፈተ የማይቻል ሙቀት ውስጥ ይከትታል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ፍጥነት ቀነስኩ። «ይህ ውሃ ወርዶ ወርዶ ኦሞ ይባላል፤ ቱርካና ሐይቅ ይገባል» አልኳት። «አውቃለሁ» አለች። እስከ ሰኮሩ ድረስ ሌላ አልተናገርንም።

ሽቅብ ወጥተን ማዶ ስንደርስ ምድሩ ተለወጠ። አረንጓዴው ጠቆረ። የግልገል ግቤ ግድብ ያቆረው ውሃ በኮረብቶቹ መሐል ተኝቶ ታየን። «ለምለም ነው» አለች ባለቤቴ። ቃሉን ለእኔ ትበለው ለራሷ አላውቅም። ብቻ ከድልድዩ ወዲህ ከአፏ የወጣች የመጀመሪያ ቃል ነበረችና ያዝኳት።

ጅማ ስንገባ መሽቷል። ባረፍንበት ሆቴል አንድ ትልቅ አልጋ ያለው ክፍል አልቆ ነበር። «ጋሼ፣ ሁለት አልጋ ያለው ብቻ ነው የቀረው» አለችን ቁልፍ የያዘችው ልጅ፣ ይቅርታ በተሞላ ፊት። ባለቤቴ «ይሁን፣ ግድ የለም» አለች ቶሎ ብላ። ያ «ግድ የለም» ሌሊቱን አላስተኛኝም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማዶ ካለው አልጋ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። እዚህ ገብታ የምታየው ባዶ ክፍል አልነበረም፤ መንገዱን አየች።

ሐሙስ ጠዋት ጅሬን ወጣን።

ጅሬን ከከተማው ወጣ ብላ ኮረብታ ላይ ናት። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ነው። የጎንደርን ግንብ ያየ ዓይን መጀመሪያ ግር ይለዋል፤ ቤተ መንግሥት ሲባል ድንጋይ ይጠብቃላ። እዚህ ግን ምሰሶው እንጨት፣ ደረጃው እንጨት፣ ዙሪያውን የከበበው ሰገነት እንጨት ነው። ስትረግጡት ወለሉ ይናገራል። ከሰገነቱ ቆሞ ወደታች ላየ ሰው አገሩ በሙሉ እንደ እጅ መዳፍ ተዘርግቶ ይታያል፤ ጭጋጉ ገና ከሸለቆው አልተነሣም ነበር።

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ነገሡ፤ ያኔ ገና ወጣት ነበሩ። እስከ 1932 ቆዩ፤ ሃምሳ አራት ዓመት መሆኑ ነው። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር ያልፍ ነበር ይባላል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የቁመታቸው ነገር አይደለም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ኃይል ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲዘረጋ፣ አባ ጅፋር ጦር አልመዘዙም። ግብር ለመክፈል ተስማሙ፤ አገራቸውን በራሳቸው እያስተዳደሩ ኖሩ። ጎረቤቶቻቸው በጦርነት ሲነዱ የጅማ ገበያና እርሻ አልተቃጠለም። ይህን ምክር የሰጠቻቸው እናታቸው ጉሚቲ ናት ሲባል ይተረካል።

ይህን ሁሉ ሰገነቱ ላይ ቆሜ ለባለቤቴ ነገርኳት። ታሪክ ስነግራት ሁልጊዜ ታዳምጠኛለች፤ ከድሮም ልማዷ ነው። ስጨርስ ለአፍታ ዝም አለችና፦

«እናቱ መከረችው አልክ?»

«አዎ፣ እንደዚያ ይባላል።»

«እሱስ አመሰገናት?»

ሳቅ አልኩ። «እሱን ማን ይጽፈዋል?» አልኳት። እሷ አልሳቀችም። እጇን የሰገነቱ እንጨት ላይ አሳርፋ ቁልቁል ታያለች። ያኔ አልገባኝም ነበር። እናንተ ከገባችሁ፣ ከእኔ ትፈጥናላችሁ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ከተማውን በእግራችን ዞርን። ጅማ በእግር የምትታይ ከተማ ናት። አዌቱ ወንዝ መሐል ለመሐል ያልፋል፤ ዛፎቹ ትላልቅ ናቸው፤ ሰው አይቸኩልም። የዛሬዋ ከተማ የበቀለችው ከሂርማታ ገበያ ነው። በነገሥታቱ ዘመን ሂርማታ በደቡብ ምዕራብ ከታወቁት ገበያዎች ትልቁ ነበር፤ የሲራራ ነጋዴ ከሰሜንም ከምሥራቅም ይመጣበት ነበር፤ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይሸጥበት ነበር። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከገበያው ድምቀት ጋር ይህም አብሮ መነገር አለበት፤ በባርነት የተነዱት ሰዎች በዚያው መንገድ አልፈዋልና። በኋላ ጣሊያን ሲገባ ጅማን የጋላና ሲዳሞ ብሎ ለሰየመው ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት፤ ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር ስሙን ከነትዝታው እንደያዘ አለ።

ሐሙስ ገበያ ነበር። ማር በየዓይነቱ፣ ኮረሪማ በክር ተሰክቶ፣ አቮካዶ ተቆልሎ። ባለቤቴ ግን ዓይኗ ሌላ ነገር ይፈልጋል። አንድ ሽማግሌ እንጨት ሠሪ ደጃፍ ላይ ስንደርስ ቆመች። በርጩማ። ከአንድ ግንድ፣ ባለ ሦስት እግር፣ መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ። ጎንበስ ብላ በእጇ ዳሰሰችው፤ ከዚያ እንደ ልጅ ተቀመጠችበት። ከሰማንያው ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው።

«አንድ ስጡኝ አባቴ» አልኩ፣ ኪሴን እየዳበስኩ።

«ሁለት» አለች ባለቤቴ ሳትነሣ።

ሽማግሌው ሁለቱን በገመድ አስረው ሰጡን። «ገለቶማ» አልኳቸው። አመሰግናለሁ ማለት ነው በኦሮምኛ፤ ያን ቀን ጠዋት ከሆቴሉ ዘበኛ ነው የተማርኩት። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው መረቁን። ባለቤቴ አየችኝና «ቶሎ ለመድካት» አለች። ይህችም ቃል በኋላ ነው የገባችኝ።

ያን ማታ በርጩማዎቹን የሆቴሉ በረንዳ ላይ አስቀምጠን ተቀመጥንባቸው። ስለ አባቷ አወራችኝ። አባቷ ከጅማ ሲመለሱ መኪናው ገና ቅያሱ ጋ ሳይደርስ በቡና ሽታ እንደምታውቃቸው፣ ጆንያ ላይ ተኝታ እንቅልፍ እንደሚወስዳት፣ በርጩማውን ከጭነቱ ሥር ደብቀው «ምን አመጣሁልሽ?» እንዳሏት። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬያት ስኖር ይህን ሰምቼ አላውቅም። እስከ እኩለ ሌሊት አወራን። አሮጌ ከተማ እንዲህ ይመስለኛል፤ የሌላ ሰው ታሪክ ሲያስነሣ የራስም ይነሣል። አፋችን ተፈታ። ዋናው ነገር ግን ገና አልተነገረም ነበር።

ዓርብ ወደ ቦንጋ። ከጅማ መቶ ኪሎ ሜትር ቢያልፍ ትንሽ ነው። ሰቃን፣ ሸቤን አልፈን ወደ ጎጀብ ወንዝ ወረድን። ጎጀብ ድሮ የሁለት መንግሥታት ድንበር ነበር፤ ወዲህ ጅማ፣ ወዲያ ከፋ። ድልድዩን ስንሻገር የከፋን ነገር አነሣሁላት። የከፋ ነገሥታት ድንበራቸውን በጥልቅ ቦይ አጥረው፣ በበር እያስጠበቁ የኖሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1897 የምኒልክ አዛዥ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ሲመጣ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ አልገበሩም። ወራት የፈጀ ጦርነት ተደረገ፤ አገሩ ጠፋ፣ ሕዝቡ አለቀ፤ ንጉሡም ተይዘው በብር ሰንሰለት ታስረው ተወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1919 አዲስ አበባ ውስጥ ሞቱ። አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም።

«አንዱ ጎንበስ ብሎ ቤቱን አተረፈ፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ተሰበረ» አለች።

«ጎንበስ ያለውም ቢሆን እስከ መጨረሻው አልቆየለትም» አልኳት። አባ ጅፋር ሲሞቱ በዚያው በ1932 የጅማ ራስ ገዝነት አብሮ አከተመ። ሁለቱንም አከብራቸዋለሁ። ጋኪ ሸሮቾን ግን በትምህርት ቤት ሳያስተምሩን ማደጋችን ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ቦንጋ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም እዚያ ነው። አየነው፤ ደግ ነው። ዋናውን ሙዚየም ግን ቅዳሜ ጠዋት ነው የገባንበት፤ ጣሪያው ቅጠል ነው።

ሞቃታማ የዝናብ ደን ሲባል ሰው ኮንጎን፣ አማዞንን ያስባል። የከፋው ደን ተራራ ላይ ያለ የዝናብ ደን ነው። ከምድር ወገብ ሰባት ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ይርቃል፤ ከፍታው ግን ሙቀቱን ያበርደዋል። ዝናቡ ከዓመቱ የሚበልጠውን ጊዜ አያቋርጥም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል፤ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ነው፣ ደኑ ከነመንደሩ፣ ከነእርሻው። የአረቢካ ቡና የዱር ዘሩ የሚገኘው በዚህ በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ነው። ሰው ሳይተክለው፣ ሰው ሳያጠጣው።

አስጎብኚያችን የአገሩ ልጅ ነው። ቁጥብ፣ አንደበተ ርቱዕ። ጉዟችን ወደ ማንኪራ ነበር፤ የከፋ ሰዎች ቡና መጀመሪያ የተገኘባት የሚሏት ቦታ ናት። መኪናውን አንድ መንደር ላይ አቁመን በእግር ገባን።

መጀመሪያ የተለወጠው ብርሃኑ ነው። ከውጭ ፀሐይ ነበር። አሥር እርምጃ ገባ ስንል አረንጓዴ ጥላ ሆነ። ዝግባው፣ ቀረሮው፣ ዋንዛው ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጫፉ አይታይም፤ ግንዱ ሽበት ተሸክሟል፣ ቅርንጫፉ ላይ ሌላ ተክል በቅሎ፣ እሱም ላይ ሌላ። ሐረጉ ከላይ ይወርዳል። ከሥር ኮረሪማው ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል፤ ጥምዙ ግንድ ይዞ ሽቅብ ይወጣል። በመሐል ደግሞ ቡናው። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ብርሃን ፍለጋ አንገቱን ያሰገገ። በየእርሻው እንደምናየው ዓይነት ጭምቅ ያለ ፍሬ የለውም፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት፣ ቀይ ፍሬ። ባለቤቴ አንዱን ነክታ ተወችው።

ጉሬዛዎች ከላይ ዘለሉ፤ ነጭ ካባቸው እንደ ደብተራ ኩታ እየተርገበገበ። «ጋሼ፣ አውራ ጣት የላቸውም» አለ ልጁ። «ጎህ ሲቀድ ደግሞ ይጮሃሉ፤ ደኑ በሙሉ ይሰማል።»

ከዚያ አንድ አሮጌ ዛፍ ሥር አቆመን። ከላይ፣ ግንዱ ላይ፣ ጉድጓድ አለ፤ ጠርዙ በደረቀ ጭቃ ተለስኗል።

«እትዬ፣ ያችን ቀዳዳ አዩዋት?» አላት ባለቤቴን። «ትልቅ ወፍ ናት፤ ጥቁርና ነጭ፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተጫነበት የሚመስል። ክንፉ ሲመታ እንደ ንፋስ ይጮኻል። እንስቷ እንቁላል ልትጥል ስትል እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። በሩ በጭቃ ይደፈናል። ምንቃር የምታሾልክ ቀዳዳ ብቻ ትቀራለች። ጫጩቶቹ እስኪጠኑ ድረስ፣ ወራት፣ አትወጣም። ወንዱ ፍሬ እያመጣ በዚያች ቀዳዳ ያጎርሳታል። አሁን ባዶ ነው፤ ወጥተዋል።»

ባለቤቴ ቀና ብላ ቀዳዳውን አየች። ረጅም ጊዜ አየችው። ልጁ ራቅ ብሎ ቆመ፤ አስተዋይ ልጅ ነው።

«ሦስት ዓመት» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። «እኔም ሦስት ዓመት እንዲህ ነበርኩ።»

ምን ልበል? ምላሴ ደረቀ።

«እናትህን በማስታመሜ አልተከፋሁም። እናቴም ነበረች። ወድጄ ነው ያደረግኩት። ግን በሰማንያዋ ቀን ተነሥተህ ስታመሰግን…» አለችና ቆመች። ከዚያ ቀጠለች። «ዕድሩን አመሰገንክ። ካህናቱን አመሰገንክ። ጎረቤቱን ሁሉ በስም እየጠራህ አመሰገንክ። ሐኪሙንም ሳይቀር። እኔ ወጥ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አሁን ይጠራኛል፣ አሁን ይጠራኛል እያልኩ።»

ስሙኝ፣ ወገኖቼ። ያን ቀን የተናገርኩትን ንግግር ሰው ሁሉ አወድሶልኛል። «እንዴት ያለ አመስጋኝ ልጅ ነው» ተብያለሁ። እኔም አምኜው ነበር። ባለቤቴን ያልጠራሁት ረስቻት አይደለም፤ እንግዶቹን ሳመሰግን እሷ እንግዳ አይደለችም ብዬ ነው፤ እሷ እኔው ናት ብዬ። አለማመስገኔን እንደ ፍቅር ቆጥሬው ነበር። እሷ ግን ወጡን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ልመልስላት አፌን ስከፍት ዝናቡ መጣ።

የደን ዝናብ አመጣጡ ለብቻው ነው። መጀመሪያ ከላይ ይሰማል፤ ቅጠሉን ሲመታ ሩቅ እንደሚጨበጨብ እጅ። እናንተ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ከደረሰ በኋላ ደግሞ ሰማዩ ቢያባራም ደኑ መዝነቡን አይተውም። መንገዱ በአንድ አፍታ ጭቃ ሆነ። ልጁ ሮጥ ሮጥ እያለ ከደኑ ጠርዝ ወዳለች አንዲት ጎጆ አስገባን። ባለቤቲቱ አሮጊት እናት ናቸው። አማርኛ አያውቁም፤ እኛ ከፍኛ አናውቅም። ልጁ አስተረጎመ፤ ብዙም ማስተርጎም አላስፈለገውም። እሳቱ ዳር አስቀመጡን፣ የባለቤቴን እርጥብ ነጠላ ተቀብለው እሳት ላይ ዘረጉት።

ያጠጡንን ስነግራችሁ አፌ ይሞላል። ጨሞ ይባላል። ከቡና ፍሬ አይደለም፣ ከቡና ቅጠል ነው፤ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ፣ ሌላም ቅጠላ ቅጠል ገብቶበት ይፈላል። ጨው አለው። ሲወርድ ደረት ያሞቃል። እኔ ቡናን በፍሬው ብቻ ነበር የማውቀው።

እዚያ፣ በማላውቃቸው እናት ቤት፣ ውጭ እየዘነበ፣ ስኒውን አስቀመጥኩና ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ሰው ፊት ነበር ያላመሰገንኳት፤ ሰው ፊት ማመስገን ነበረብኝ።

«እናቴን ሦስት ዓመት ያስታመመችልኝ እሷ ናት» አልኩ ለአሮጊቷ። ልጁ አስተረጎመ። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተነሣችው እሷ ናት። እናቴ ሳትቆስል፣ ሳትሸት፣ ተከብራ የሞተችው በእሷ እጅ ነው። እኔ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ለእርስዎ እየነገርኩ ነው።» ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞርኩና ስሟን ጠርቼ፣ «አመሰግንሻለሁ። ይቅርም በይኝ» አልኳት።

አሮጊቷ ልጁ ተርጉሞ ሳይጨርስ የባለቤቴን እጅ ያዙ። ሁለቱን መዳፎቿን ገልብጠው አዩዋቸው፤ ከዚያ ሳሟቸው። ባለቤቴ አለቀሰች። እናቴ ከሞተች ወዲህ እሷ ስታለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፤ በቀብሩም ቀን እንግዳ ስታስተናግድ ነበርና።

ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። አንድም ቃል አልተነጋገርንም። እሳቱ ይንጣጣል፣ ደኑ ያንጠባጥባል፤ ትከሻዋ ትከሻዬ ላይ ነው። ቤታችን ውስጥ ስንት ወር ዝም ተባብለን ኖረናል፤ ያኛው ዝምታ ሰው በበር በኩል እንዳይገባ የሚገፋ ነበር። ይህኛው አቅፎ ያስቀምጣል። ስም ቢኖረው እነግራችሁ ነበር፤ እኔ ኩርፊያ ያልሆነ ዝምታ እለዋለሁ።

ስንወጣ ለአሮጊቷ ልንከፍል ብንል አሻፈረኝ አሉ። ከመንደሩ የደን ቡናና ማር ገዛን። ማሩ ነጭ ነው፤ ቀፎው ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ ዛፉም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ባለቤት አለው። ልጁ እንደነገረን፣ ሰው ዛፉን ለመቁረጥ የሚሳሳው ቀፎ ስለሚሰቅልበት ነው። ደኑ በየዓመቱ በዳሩ በኩል ይሸረሸራል፤ ለእርሻም፣ ለሰፊ ልማትም ይመነጠራል። ማር ቆራጩና ቡና ለቃሚው ከደኑ እንጀራ እስከበሉ ድረስ ግን ጠባቂ አለው። ለዚህ ነው ከከተማ ሱቅ ሳይሆን ከእነሱ እጅ ግዙ የምላችሁ።

ያን ሌሊት ቦንጋ አደርን። እኔ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃሁ፤ የእግሯን ኮቴ ለመስማት የለመደ ጆሮ ነቅቶ። ኮቴ አልነበረም። ባለቤቴ ጎኔ ተኝታለች፣ አፏን በትንሹ ከፍታ፣ እንደ ልጅ። ጎህ ሲቀድ ጉሬዛዎቹ ከሩቅ ጮኹ፤ እሱም አልቀሰቀሳትም። ፀሐይ ወጥታ እስክትሞቅ ድረስ ተኛች።

እሑድ ጅማ ገባን፣ አድረን ሰኞ ወደ ቤት። ግቤ ድልድይ ላይ ስንደርስ ፍጥነት ቀነስኩ። «ወርዶ ወርዶ ኦሞ ይባላል» አለች እሷ፣ ቀድማኝ።

ዛሬም አንዳንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነቃለች። አሁን ግን እኔም እነሣለሁ። ሁለቱን በርጩማዎች የእናቴ ክፍል ውስጥ ነው ያስቀመጥናቸው፤ እንቀመጥና ትንሽ ቆይተን እንመለሳለን።

እንግዲህ ለመሄድ ላሰባችሁ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ እስከ ቦንጋ ሌላ መቶ ምናምን። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ደኅንነት ጠይቁ። ጅማ ላይ ሐሙስን አግኙ፤ ገበያው የዚያን ቀን ነው። የደን ቡና ሲቀላ ማየት ከፈለጋችሁ በጥቅምትና በኅዳር ሂዱ። ጭቃ የሚችል ጫማና ጃንጥላ ያዙ፣ ደኑ ውስጥ ያለ አገሩ ልጅ አትግቡ፣ የልጁንም ድካም በደንብ ክፈሉት። በርጩማ ከገዛችሁ ሁለት ግዙ።